አንዲቱ ነጭ ጥርስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጧት፣ ከት/ቤት በፊት።

ዛሬም ደማሁ። ከሰሉን ወቀጥኩ፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ፈገፈግሁ። መጀመሪያ የላይኞቹን፣ ከዚያ የታችኞቹን። ተፋሁት፤ ጥቁርና ቀይ። ታጥቤ መስተዋቱን አየሁ። ያው ቡኒ። እርጥብ ሳለ ትንሽ የነጣ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ጨርቁን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት።

አንተ ደብተር፣ አንተ እንኳ ነጭ ነህ።

እኔ አገር ስለ ጥርስ ቀለም ማንም አያወራም። ከመቂ ወዲያ ሐይቁ ዳር የአባቴ ጥርስ ቡኒ፣ የእህቶቼ ቡኒ፣ የቄሱም ቡኒ። ጥርስ ሲባል እንደዚያ ነው ብዬ አደግሁ። የመምህራን ማሰልጠኛ ስገባ አንዳንዶች አፌን ትክ ብለው ያዩኝ ነበር፤ አልገባኝም። የገባኝ ተመድቤ ቢቸና ስመጣ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ አዲሷ መምህርት ትምባሆ ታኝካለች እንዴ ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ የምስቀው በነጠላዬ ጫፍ አፌን ይዤ ነው። ሳቁም ራሱ ቀንሷል።

ደወል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከሰዓት።

ጥርሴ ጠርሷል። ሁሉም። የምንጭ ውሃ ጠጥቼ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እንደ መርፌ ከፊት ጥርሴ ተነስቶ ዓይኔ ሥር ድረስ ወጋኝ። እንጀራውም ኮምጠጥ ስላለ አቃጠለኝ፤ ግማሹን ተውኩት። ስድስተኛ ክፍል ውስጥ በመስኮቱ ነፋስ ሲገባ መናገር አቃተኝ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ብቻ አስተማርኩ። ተማሪዎቹ የተቆጣሁ መሰላቸው። ተቆጥቻለሁም።

እትዬ ብርቄ፣ ቤት ያከራዩኝ፣ ስጉመጠመጥ አዩኝ። የወይራ መፋቂያ አመጡልኝ። ጫፉን አኝኬ አለስልሼ ቀስ እያልኩ እንድፍቅበት፣ ከሰልና ሎሚውን ግን እንድተው መከሩኝ። እርሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው የተቆላ ሽምብራ ይቆረጥማሉ። ጥርሳቸው ወተት ነው። ነጭ ጥርስ ይዞ የተፈጠረ ሰው ምን ይመክረኛል ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። አመስግኜ ተቀበልኳቸው። መፋቂያው መደርደሪያ ላይ ነው። አልነካሁትም።

እሁድ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት።

አስፋው ትናንት ከሞጣ መጣ። እጮኛዬ። ሞጣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ባለፈው ክረምት ለሥራ ቢቸና መጥቶ ተዋወቅን። ደግ ነው። ረጋ ብሎ ይናገራል፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። የወደድኩት በዚህ ነው።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ደስ አለኝ፣ ነጠላዬን ረስቼ ሳቅሁ። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። አየሁት። ምን ሆንክ አልኩት። ምንም አለ። ደጋግሜ ስጠይቀው አወጣው።

እናቱ ናቸው። ወ/ሮ ጥሩነሽ። የእኔን ጥርስ ነገር ከሰው ሰምተው ዘሯ ውስጥ በሽታ ቢኖር ነው ብለዋል። እንዲህ ያለ ጥርስ ያላት ምራት ሠርግ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ዘመድ አያይም ብለዋል። እሱ ተከራክሯል፤ አልሰሙትም። ካልነጣ ሠርግ የለም።

በሽታ! አባቴ እስከ ዛሬ አጥንት በጥርሱ ይሰብራል። ሴትዮዋ ዓይተውኝ እንኳ አያውቁም። ሳያዩኝ ፈረዱብኝ። ሄጄ ፊት ለፊት ልንገራቸው አልኩት። አስፋው ደነገጠ። የባሰ ይሆናል፣ እኔ መላ አለኝ አለ። ሞጣ ውስጥ ጥርስ የሚያነጣ ሰው አለ። ይርዳው ይባላል። ከአሥመራ የመጣ መድኃኒት አለው፤ ስንት ሙሽራ አንጥቷል። ሎሚና ከሰል የልጅ ጨዋታ ነው አለኝ።

ጥርሴ እየጠረሰ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ አልችልም አልኩት። መድኃኒቱ ያንንም ያድናል አለ። ይህን ማን ነገረህ አልኩት። ስንት ሙሽራ አንጥቷል የሚለውን ደገመልኝ።

እሄዳለሁ ብዬዋለሁ። የእናቱን አፍ ለማስዘጋት ስል እሄዳለሁ። ለዚህ ብቻ።

እሁድ፣ ጥቅምት 23።

የንጉሡ የዘውድ በዓል። ሰልፍ፣ ባንዲራ፣ መዝሙር። ተማሪዎቹን ይዘን ከፀሐይ ጋር ስንጋፋ ዋልን። መምህራን በሙሉ ፎቶግራፍ ተነሳን። ፎቶ አንሺው ሌላውን ሁሉ ሳቅ በሉ አለ። ወደ እኔ ሲደርስ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና መምህርት ይዝጉት አለኝ። በትህትና! በሚስቅ ትህትና። ባልደረቦቼ ሰምተው ጫማቸውን አዩ።

ዘጋሁት። ይህን ነው የማልረሳው። መዝጋቴን።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከት/ቤት መልስ።

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ሞጣ ደረስኩ። አስፋው ተቀበለኝ፤ ማታውን የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ እህት ዘንድ አሳደረኝ። እናቱ ቤት ሳይነጣ አይሆንም አለ። እሁድ ጧት ይርዳው ዘንድ ወሰደኝ። ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል። መቀመጫ ዱካ፣ የውሃ ጣሳ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጥቁር ጠርሙስ። ቆረቆንዳውን ሲነቅለው ነጭ ጭስ ወጣ። አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ፣ አስነጠሰኝ። ጥርሴ ይጠርሳል፣ አየር እንኳ ያመኛል አልኩት። አፌን አላየም። ትንሽ ይቆነጥጥሻል፣ ሴት ልጅ የባሰውን ትችያለሽ አለኝና ጥጥ በእንጨት ጠቅልሎ ነከረ።

ከላይ ካሉት የፊት ጥርሶቼ አንዷን ነካት። ሲስስስ አለች። የገዛ ጥርሴ ድምፅ ነው! ከዚያ ሕመሙ መጣ። እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አይደለም። ጥርሴን ሥሯ ድረስ ሰንጥቀው እሳት ያስገቡባት መሰለኝ። እንባዬ ወረደ። ድዴ ነጣ፣ ከንፈሬ ተቃጠለ። እጁን ገፍቼ ተነሳሁ።

አስፋው ትከሻዬን ይዞ ወደ ዱካው መለሰኝ።

«ቻይው እንጂ። ሌሎቹስ?»

ይህን አለኝ። ያ ረጋ ያለ ድምፁ ነው። ሌሎቹስ።

እጁን ከትከሻዬ አውርጄ ወጣሁ። ውሃ ለምኜ ተጉመጠመጥኩ፤ ውሃው ራሱ ሌላ እሳት ሆነብኝ። ወደ ቢቸና ስመለስ ከጭነቱ ላይ ነበርኩ። ነፋሱ አንዲቷን ጥርስ ብቻ እየፈለገ የሚገባ ይመስል ነበር። መንገዱን ሙሉ አፌን በነጠላ ወትፌ መጣሁ።

ዛሬ በመስተዋት አየኋት። ነጭ ናት። ቤት የሚቀባ ኖራ ይመስል ደረቅ ነጭ፣ ማብረቅረቅ የሌለው። በቡኒዎቹ መሃል ብቻዋን። አሁን ማን ያየኝና አይስቅ?

ዕረፍት ላይ የሺ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ስድስተኛ ክፍል፣ ፊት መቀመጫ፣ ሒሳብ ላይ ከወንዶቹ ሁሉ የምትበልጥ። በገና ሊድሯት ነው ይባላል። ነጯን ጥርስ እያየች፣ ያምራል፣ የት አሠሩት አለችኝ። ጮኽኩባት። ወደ መቀመጫሽ አልኳት። ልጅቷ ምን አደረገችኝ? ምንም። ጮኽኩባት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4።

ተቆረሰች። የዳቦ ቅርፊት ነበር። ድንጋይ አይደለም፣ አጥንት አይደለም፣ ዳቦ! የጥርሴ ጠርዝ ምላሴ ላይ ቀረ። መዳፌ ላይ ተፍቼ አየሁት። እንደ ደረቀ ጭቃ በጣቴ ተፈረፈረ።

ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዲሱ ጤና መኮንን አቶ ሰሎሞን ከጎንደር ተምረው የመጡ ናቸው፤ ለሰው ፊት የማይሰጡ ናቸው ይባላል። ወደ መስኮት አዙረው በመስተዋት ሲያዩኝ ፊታቸው ተኮሳተረ። ምን እንዳደረግሁ ነገርኳቸው። ጭስ ነበረው ወይ፣ ያስነጥሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኩ። ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

«ይህ ቆርቆሮ በያጆች ብረት የሚያጸዱበት አሲድ ነው። ይህ መንጣት አይደለም። ጥርስሽ ተቃጥሎ ነው።»

ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዱኝ። ቡኒው ከእኔ አገር ውሃ ነው። ጥርሴ ገና ከድዴ ሳይወጣ፣ በልጅነቴ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ገብቶበታል። በሽታ አይደለም፣ በዘር አይተላለፍም። ከውስጥ ስለሆነ ፈግፍጌ አላወጣውም። የፈገፈግሁት ቡኒውን ሳይሆን የጥርሴን ልባስ ነው። ሎሚው ያለሰልሰዋል፣ ከሰሉ ይሞርደዋል። ልባሱ ሲሳሳ ቀዝቃዛውም፣ ኮምጣጣውም፣ ነፋሱም ቀጥታ ስሜቱ ላይ ይደርሳል። መጥረስ ማለት ጥርሱ ተው እያለ ነው አሉኝ። ተው ሲል አልሰማሁትም።

ታዲያ ምን ላድርግ አልኩ። ከሰል፣ የሸክላ ዱቄት፣ ሎሚ፣ አመድ፣ ሁሉንም እንድተው። ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ጨው አድርጌ እንድጉመጠመጥ። ለስላሳ መፋቂያ ወይም ለስላሳ ብሩሽ፣ በዝግታ፣ ወደ ጎን ሳይሆን ከድድ ወደ ጥርስ። ኮምጣጣ ከበላሁ በኋላ ወዲያው እንዳልፍቅ፣ በውሃ ተጉመጥምጬ እንድቆይ። ለተቆረሰችው የቅርንፉድ ዘይት በጥጥ፣ እስከዚያው። እንዲነጣ የምፈልግ ከሆነ ግን አ.አ. የጥርስ ሐኪም አለ። እሱም ቢሆን ከላይ የተለጠፈውን ነው የሚያጸዳ፤ የውስጡን አይነካም። የሚጠርስ ጥርስ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ሕመሙን ሳያድን ምንም ማድረግ የለበትም። አሁኑኑ ላንጣልሽ የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ ተነስተሽ ውጪ አሉኝ።

በጣም ተናድጄ ነበር፤ እሳቸው ከእኔ የባሱ መሰለኝ። በዚህ ዓመት አፋቸው ተቃጥሎ የመጡ ልጃገረዶች እንዳሉ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ግን አንዳቸውም እንዳልተናገሩ ነገሩኝ። ስሙን ጠየቁኝ። ይርዳው፣ ሞጣ አልኩ። ስናገረው አልፈራሁም።

እትዬ ብርቄን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስለምን አሉኝ። በሆዴ ስለተናደድኩብዎ አልኳቸው። ሳቁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከገበያ መልስ።

ሰውየው እዚህ መጣ። ቢቸና። ከእህል ተራው አለፍ ብሎ፣ ጨው ነጋዴዎቹ አጠገብ፣ በዚያው ጥቁር ጠርሙስ። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ነበር የወጣሁ። ልጃገረዶች ከበውታል። ዱካው ላይ የተቀመጠችውን አየሁ። የሺ። አጠገቧ አክስቷ ቆመዋል።

እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ጥጡን ነክሮ እጁን ሲያነሳ ደረስኩ፤ አንጓውን ያዝኩት። የሺ ተነሽ አልኳት። አክስቷ፣ መምህርት ምን አገባሽ፣ ልጅቷ ሙሽራ ናት አሉኝ። ይርዳው አወቀኝ። ፈገግ ብሎ ለሕዝቡ፣ ይኸው ሥራዬ፣ የእሷንም ያነጣሁት እኔ ነኝ፣ ፈርታ ሸሸች እንጂ ሁሉንም አነጣላት ነበር አለ።

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ጥርሴን ገልጬ አሳየሁ። ቡኒዎቹን፣ ነጯን፣ የተቆረሰውን።

«እዩት። ይህችን ያነጣት እሱ ነው። በአራተኛው ቀን ዳቦ ስበላ ተሰበረች። ቡኒዎቹ አልተሰበሩም።»

ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ ሳቀ። ይርዳው፣ ዘሯ የተበላሸ ስለሆነ መድኃኒቱ አልሠራላትም አለ። ዘሬን ሲያነሳ ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። አጠገቤ ዕንቁላል የምትሸጥ ሴት ነበረች። አንዱን አነሳሁ። ጥጡን ከእጁ ነጥቄ ቅርፊቱ ላይ አሸሁት። አረፋ ደፈቀ። ሲስስ አለ። በአውራ ጣቴ ስጫነው ቅርፊቱ ተበሳ፣ አስኳሉ በእጄ ላይ ፈሰሰ።

«ዕንቁላሉም ዘሩ ተበላሽቷል?»

ማንም አልሳቀም። የየሺ አክስት ልጅቷን በክንዷ ይዘው አስነሱ። አንዲት አሮጊት ወደ ይርዳው ጠጋ ብለው፣ ባለፈው የልጄን ከንፈር ያቃጠልከው በዚህ ነው ወይ ብለው በዝግታ ጠየቁት። ጠርሙሱን ሊወትፍ ሲል አቶ ሰሎሞን ከአንድ ፖሊስ ጋር መጡ፤ ሰው ነግሯቸው ኖሯል። ጠርሙሱን ወሰዱት። ሰውየውንም።

ጣቶቼ አሁንም ይለበልቡኛል። ባለ ዕንቁላሏ ዕንቁላሌን ብላ እስከ ቤት ተከተለችኝ። ዋጋውን ሰጠኋት። ነፋሱ ጥርሴን ወግቶኛል። ግድ የለኝም።

ግን ቁጣዬ አልበረደም። በይርዳው ላይ አይደለም። ሞጣ ባሉት ሴትዮ ላይ ነው። ሁሉም ከእርሳቸው አፍ ነው የጀመረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማታ።

ወ/ሮ ጥሩነሽ መጡ። ራሳቸው፣ በበቅሎ፣ መንገድ ላይ አድረው። ከት/ቤት ስመለስ እትዬ ብርቄ ዘንድ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማን እንደሆኑ ሲነገረኝ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ካባ የለበሱ። ተነስተው አገጬን በእጃቸው ያዙ። ልሸሽ አልኩ። አፍሽን ክፈች ልጄ አሉኝ። ከፈትኩ፤ ይዩት ብዬ፣ በንዴት።

ረጅም ጊዜ አዩ።

«ያምሻል?»

ይህን ብቻ ጠየቁኝ። አዎን አልኩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ያዘጋጀሁት ቃል ጠፋብኝ።

ልጃቸው አንዲት ሴት ይርዳው ዘንድ ወስዶ አስቃጠላት ሲባል ሞጣ ውስጥ ሰምተዋል። አላመኑም። አስፋውን ሲጠይቁት አመነ። ለዚህ ነው የመጡ። እኔም ወደ ጥያቄው ገባሁ። ጥርሷ ካልነጣ ሠርግ የለም ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው። ከድምፄ ቁጣውን መደበቅ አልቻልኩም።

ወደ እትዬ ብርቄ ዞሩ፤ እንደገና ወደ እኔ።

«እኔ የጠየቅሁት ወገንሽ እነማን እንደሆኑ ነው። ጥርሷ ቡኒ ነው ብሎ የነገረኝ እሱ ነው። የአገሯ ውሃ ነው አልኩት። የእናቴ ወገኖች ወደዚያ ወርደው የወለዷቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

እትዬ ብርቄ ራሳቸውን ወደ መሬት ደፉ። ወ/ሮ ጥሩነሽም ልጃቸው በስማቸው እንደዋሸ የገባቸው ያኔ ነው መሰለኝ። ልጄ ነው ያፈረብሽ አሉ፣ እንደሚያማቸው ሁሉ። ይቅርታ አድርጊለት አሉኝ። ልጄ ክፉ አይደለም፣ ሰው ምን ይለኛል ማለት ነው የያዘው አሉ። ነገ ወደዚህ ይመጣል፣ አዝዤዋለሁ አሉ።

ሞጣ ባሉ በማላውቃቸው ሴት ላይ ስንት ቀን ጥርሴን ነከስኩ! የታመመውን ጥርሴን። ንዴቴን ሁሉ የት ላድርገው አሁን?

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ምራት ሆኜ አይደለም። ስለወደድኳቸው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ት/ቤት፣ ዕረፍት ሰዓት።

አስፋው ጧት መጣ። ት/ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀድሞ ተናገረ፤ ይኸኔ ግን አልተረጋጋም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ አንድ ጊዜ እዚህ ከእኔ ጋር አይተውት ሲመለሱ ቀልደውበታል። ምን ብለው እንደቀለዱ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም። ያንን መሸከም አልቻለም። በራሱ ስም ሊነግረኝ አፈረ። ለአንቺው ብዬ ነው አለኝ።

«ለእኔ ብለህ አይደለም። በእናትህ ስም ነው ያቃጠልከኝ።»

ጥፋቴን አምናለሁ አለ። ሠርጉ ወደ ፋሲካ ይዛወር፣ እስከዚያ ይሽርልሻል፣ ከፈለግሽ አ.አ. ወስጄ አሳይሻለሁ አለ። ፊቱን አየሁ። እያለቀሰ ነበር። ግን ዓይኑ ከዓይኔ ይልቅ አፌ ላይ ነበር። አሁንም! ይቅርታ እየጠየቀኝም።

ያኔ ነው ልቤ የተቆረጠው። አላገባህም አልኩት። አንድ ጊዜ፣ በቀስታ። ምክንያቱን እንድነግረው ጠበቀ። ዕድሜ ልኬን ሙሉ አፌን የሚጠብቅ ባል አልፈልግም አልኩት። ወደ በቅሎው ሄደ፤ ኮርቻውን ሲያጠብቅ እጁ ሳተው። ልጠራው ነበር። አልጠራሁትም።

ወ/ሮ ጥሩነሽን እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈልግም። ይከብደኛል። ከእሱ ይልቅ እርሳቸውን ማጣቱ ይከብደኛል።

ዲሬክተሩን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። በገና ዕረፍት አ.አ. እወርዳለሁ፤ ብቻዬን። አቶ ሰሎሞን ለጥርስ ሐኪሙ ማስታወሻ እጽፍልሻለሁ ብለዋል። የተቆረሰችውን ያክምልኝ፣ ሥሯ ተርፎ እንደሆነ ይይልኝ፣ ዳቦ እንድበላ ያድርገኝ። ሌሎቹንም ላንጣልሽ ወይ ካለኝ መጀመሪያ ሕመሙ እለዋለሁ። ሕመሙ ሲድን እንደገና ይጠይቀኝ። ያኔ መልሱን የምሰጠው አስቤበት ነው፤ እሺም ልለው እችላለሁ፣ እምቢም። የምወስነው እኔ ነኝ፣ የጓደኞቹ ቀልድ አይደለም፣ የፎቶ አንሺው ጣት አይደለም፣

ደወል። ስድስተኛ ክፍል